ባለ ጠባሳው የወንበዴ አለቃ ስለ ምን ከበረ ስለ ምንስ ወደቀ

በአሜሪካ አገር፣ ማያሚ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ ፓልም የተባለች አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። የቺካጎ ወንበዴዎች አለቃ የነበረው አል ካፖን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በዚህች ደሴት ላይ አንድ ቤት ገዛ፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ከወኅኒ ከወጣም በኋላ፣ አእምሮው በደዌ ተጐድቶ፣ በ1947 ዓ.ም. ጃንዋሪ 25 ቀን የሞተው በዚያው ቤት ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቈይቶ፣ ከእርሱ ታሪክ ተቀድቶ የነበረው ሲኒማ ለሁለተኛ ጊዜ በተሠራ ጊዜ፣ ታሪኩ ከቺካጎ ተነሥቶ የተተከለው በዚያችው በማያሚ ሆነ።

ፊተኛው ሲኒማ በ1932 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ስሙ «ስካርፌስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ባለ ጠባሳ ፊት ማለት ነው። ይህ የካፖን የቅጽል ስም ነበረ፤ በወጣትነቱ በብሩክሊን በአንድ መጠጥ ቤት ሲሠራ አንዲቱን ሴት በነውር ቃል ስለ ተናገራት፣ ወንድሟ ግራ ጕንጩን በጩቤ ተልትሎት ነበርና። ፊልሙን ያዘጋጀው ሃዋርድ ሆክስ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው ሃዋርድ ሂዩዝ ነው፤ ወንበዴውን ሆኖ የታየውም ፖል ሙኒ ነው። በዚያን ጊዜ የሳንሱር ሹማምንት ስለ ወንበዴው አሟሟት ከአዘጋጆቹ ጋራ ብዙ ተከራከሩ። አዘጋጆቹ ወንበዴው በጐዳና ላይ ከፖሊሶች ሊያመልጥ ሲሮጥ በጥይት ወድቆ እንዲሞት አድርገው ነበር፤ ሹማምንቱ ግን በፍርድ አደባባይ ቆሞ፣ ተፈርዶበት፣ በስቅላት እንዲቀጣ ፈለጉ። ስለዚህም ሌላ ፍጻሜ ተሠራ፤ ሙኒ በዚያ ስላልተገኘ ፊቱ የማይታይ ሌላ ሰው በእርሱ ፈንታ ተሰቀለ። የሚያስገርመው ነገር፣ እነዚህ ሰዎች በጥይት ይሙት በገመድ ይሙት ብለው ሲከራከሩ፣ እውነተኛው ካፖን በጥይትም በገመድም ሳይሆን በሒሳብ መዝገብ ወድቆ ወኅኒ የሚገባበትን ቀን ይጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው «ስካርፌስ» በ1983 ዓ.ም. ወጣ። አዘጋጁ ብሪያን ዴ ፓልማ፣ ደራሲው ኦሊቨር ስቶን፣ ዋናው ተዋናይ አል ፓቺኖ ነው። በዚህኛው፣ የተከለከለው ሸቀጥ መጠጥ መሆኑ ቀርቶ ኮካይን የሚባለው ነጭ ዱቄት ሆነ፤ ወንበዴውም በጣልያናዊ ስደተኛ ፈንታ የኵባ ስደተኛ ሆነ፤ ስሙም ቶኒ ሞንታና ተባለ። (ደራሲው ስቶን ራሱ በዚያ ወራት የዚሁ ዱቄት ምርኮኛ እንደ ነበረ፣ ከእርሱ ለመላቀቅም ወደ ፓሪስ ሄዶ ድርሰቱን በዚያ እንደ ጻፈ ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። እንግዲህ ጽሑፉ ከሩቅ ቆሞ የፈረደ ሰው ጽሑፍ አይደለም።)

ይህ ሞንታና በብዙ አገር ያሉ ጐልማሶች ሥዕሉን በመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ሰው ሆነ። የሚሰቅሉትም የክብሩን ወራት ሥዕል ብቻ አይደለም፤ መሣሪያውን ይዞ ሊሞት የቆመበትን ሰዓት ሥዕል እንኳ እንደ ድል ቈጥረው ይሰቅሉታል። ሽማግሌዎች በበኩላቸው ስስትና ትዕቢት ጣለው ብለው ፈርደው ያልፋሉ። ፍርዱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አይበቃም። ስስቱም ትዕቢቱም ባዶ እጁን ከመርከብ በወረደበት ቀን ከእርሱ ጋራ ነበሩ፤ ከሳህን አጣቢነት አንሥተው ወደ ቤተ መንግሥት በሚመስል ቤት ያስገቡትም እነርሱ ናቸው። ታዲያ ያነሣው ነገር መልሶ እንዴት ጣለው? ጕዳዩ ያለው በዚህ ላይ ነው።

አስቀድሞ የመጣበትን መንገድ ማወቅ ይገባል። በ1980 ዓ.ም. በአፕሪል ወር ዐሥር ሺህ ያህል ኵባውያን አገራቸውን ለመልቀቅ ፈልገው በሃቫና ከተማ ባለው በፔሩ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ተጨናንቀው ገቡ። ፊደል ካስትሮ በዚህ ተቈጥቶ፣ መሄድ የሚወድ ሁሉ ይሂድ ሲል ማሪኤል የተባለውን ወደብ ከፈተው። እስከ ኦክቶበር ድረስ 125,000 ያህል ሰዎች በ1,700 ያህል ታንኳና ጀልባ ወደ ፍሎሪዳ ተሻገሩ። ካስትሮ በመካከላቸው ከወኅኒ ያወጣቸውን እስረኞችና ከሐኪም ቤት ያወጣቸውን የአእምሮ ሕሙማን ጨመረባቸው። ብርቱ ወንጀል የሠሩት ከመቶው ጥቂት እጅ ብቻ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ስሙ ለሁሉም ተረፈ። ከእነዚህ ስደተኞች ብዙዎቹ በማያሚ ከተማ ከአውራ ጐዳናው ድልድይ በታች በድንኳን ሰፍረው ከረሙ። ሲኒማው ሲሠራም የማያሚ ኵባውያን፣ ሕዝባችን ሁሉ ወንበዴ ይመስላል ብለው አጥብቀው ስለ ተቃወሙ፣ የሚበዛው ክፍል በሎስ አንጀለስ ተነሣ። አቤቱታቸው እውነት ነበረው፤ ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት አናጢዎች፣ ሐኪሞችና ልብስ ሰፊዎች ሲኒማ አልተሠራላቸውም። በሲኒማው ውስጥ በልብስ ፋብሪካ እየሠራች የምትኖረው የሞንታና እናት ብቻ ስለ እነርሱ ትቆማለች። ልጅዋ በድንገት ገንዘብ ይዞ በመጣ ጊዜ ከየት እንደ ተገኘ ጠንቅቃ ዐውቃ፣ ገንዘቡን አልቀበልም ብላ ከቤቷ አስወጣችው።

ሞንታና በድንኳኑ ሰፈር ሳለ የመኖሪያ ወረቀት ያገኘው ሰው በመግደል ነው፤ የካስትሮ ሹም የነበረውን አንድ ስደተኛ በሁከት መካከል ወጋው። ከዚህም በኋላ በአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ሳህን እያጠበ ጥቂት ጊዜ ቈየ። ኵባን የተውሁት ይህን አድርግ ያንን አስብ እያሉ ስላስጨነቁኝ ነው ባይ ነውና፣ የማንም ታዛዥ ሆኖ መኖር እንደ ሞት ይታየው ነበር። የንግዱ ሰዎችም እንዲህ ያለውን ሰው ይፈልጉ ነበር። ወደ አንድ የመንገደኞች ማረፊያ ቤት ዱቄቱን ከኮሎምቢያውያን እንዲቀበል ላኩት፤ ጓደኛውን በፊቱ በመጋዝ ሲያርዱት እንኳ ገንዘቡ ያለበትን ስፍራ አልተናገረም። ከሞት ባመለጠ ጊዜ ገንዘቡንም ዱቄቱንም ለላኩት አማላጆች አላስረከበም፤ ወደ ጌታቸው ወደ ፍራንክ ሎፔዝ በገዛ እጁ ይዞ ሄደ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማዕርጉ ከፍ እያለ ሄደ።

ይህ ንግድ ፈራጅ የለውም፤ ውል ቢፈርስ የሚከሰስበት አደባባይ የለም፤ ብድር የሚመዘገብበት ደብተርም አይገኝም። ስለዚህ በታችኛው ደረጃ ዋስ የሚሆነው የሰው ድፍረት ብቻ ነው። የማይፈራ፣ የማይናገር፣ ከሞትም ወዲያ የማያስብ ሰው በዚያ ስፍራ እንደ ወርቅ ይፈለጋል። ካፖንም የተነሣው እንደዚሁ ነው። ጆኒ ቶሪዮ የተባለው ብልህ ሽማግሌ ከብሩክሊን ወደ ቺካጎ ሲያስመጣው ትምህርቱን ወይም ዘመዱን አይቶ አይደለም። ቶሪዮ በ1925 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር በጥይት ተመትቶ ከሞት ከተረፈ በኋላ ሥራውን ትቶለት ሲሄድ፣ ካፖን ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ድፍረት ብቻውን ግን ጌታ አያደርግም፤ ገዢ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ መጠጥ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ሕጉን ያወጣው ሕዝብ ራሱ ይጠጣ ነበር፤ ካፖንን ባለጠጋ ያደረገው ይህ ነው። በማያሚም እንዲሁ ሆነ። የኮካ ቅጠል በቦሊቪያና በፔሩ ተራሮች ይበቅላል፤ በዚያ ዘመን በኮሎምቢያ ተጣርቶ፣ በትንንሽ አውሮፕላን ተጭኖ፣ በባሐማስ ደሴቶች በኩል ወደ ፍሎሪዳ ይገባ ነበር። ካርሎስ ሌደር የተባለው ኮሎምቢያዊ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ኖርማን ኬይ የተባለችውን የባሐማስ ደሴት የአውሮፕላኖቹ ማረፊያ አድርጓት ነበር። በ1979 ዓ.ም. በጁላይ ወር በማያሚ አጠገብ በአንድ የገበያ ስፍራ በቀትር ተኩስ ሆኖ ሁለት ሰዎች ሲገደሉ፣ አገሩ ምን እንደ ገባበት ዐወቀ። በ1981 ዓ.ም. በዚያው አውራጃ የተገደሉት ሰዎች ቍጥር ከ600 በለጠ፤ የሬሳው ቤት ስለ ሞላ ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት አውቶሞቢል ተከራይተው አስከሬን አኖሩበት። ዱቄቱን የሚገዛው ግን ወንበዴ አልነበረም፤ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ የባንክ ሹሙ፣ የሲኒማ ሠሪው ነበረ። ሞንታና ሰክሮ በአንድ የከበረ ምግብ ቤት ውስጥ ተነሥቶ በዙሪያው ለተቀመጡት ጨዋ ሰዎች፣ በጣታችሁ እየጠቈማችሁ ክፉው እርሱ ነው የምትሉት እንደ እኔ ያለ ሰው ያስፈልጋችኋል ሲል የሚወቅሳቸው ስለዚህ ነው። ሰካራም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ እውነት የተናገረ እርሱ ብቻ ነበር።

ሞንታና ወደ ላይ የወጣባት ሁለተኛዋ ደረጃ ቦሊቪያ ናት። ከጌታው ከሎፔዝ መልእክተኛ ጋራ ወደ ሶሳ፣ ማለት ወደ ታላቁ የዱቄት አምራች ቤት በሄደ ጊዜ፣ ያልታዘዘውን ውል በገዛ ሥልጣኑ ተነጋገረ። መልእክተኛው በዚያ በሄሊኮፕተር ላይ ተሰቅሎ ሲሞት፣ እርሱ የሶሳን ሞገስ አገኘ። ሎፔዝ በዚህ ቀንቶ ገዳዮች ላከበት፤ ሞንታና ግን ከሞት አምልጦ ሎፔዝን አስገደለ፤ ቤቱንና ሴቱን ወረሰ። የሎፔዝ ምክር ሁለት ነበረች፤ የሌላውን ሰው ስስት አትናቅ፣ የምትሸጠውንም ራስህ አትቅመስ የምትል። ሞንታና ሁለቱንም አፈረሰ። ብዙ ሰዎች የውድቀቱን ምክንያት ከዚህ ላይ ፈልገው ያቆማሉ፤ ዳሩ ግን ሎፔዝም ምክሩን ይዞ ሞቷል።

የውድቀቱ መነሻ ጥይት ሳይሆን ቍጥር ነው። የማያሚ ወንበዴዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ገንዘቡን ማግኘት ሳይሆን ማኖር ነበረ። በ1970 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ባንክ ሁሉ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባለት ለመንግሥት እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በ1980 ዓ.ም. የግምጃ ቤቱና የፍርድ ሚኒስቴር መርማሪዎች በፍሎሪዳ ይህን ገንዘብ መከታተል ጀመሩ። ሞንታና በከረጢት የሚያስገባውን ገንዘብ ባንኩ እየተቀበለ የድርሻውን መቶኛ ከፍ ባደረገበት ጊዜ፣ ሌላ ገንዘብ ለዋጭ ፈልጎ አገኘ፤ ያ ሰው ግን የተሸሸገ ፖሊስ ነበረ። ገንዘቡ እየተቈጠረ ሳለ ያዙት። ጠበቃውም ከሌላው ክስ ሊያድነው ይችል እንደ ሆነ፣ ከግብሩ ክስ ግን ከወኅኒ እንደማያስቀረው ነገረው።

እዚህ ላይ ደራሲው ሞንታናን ወደ አያቱ ወደ ካፖን መልሶታል። የካፖንን የወኅኒ በር የከፈተው በ1929 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 14 ቀን በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ሰዎች የተረሸኑበት ያ የታወቀው ግድያ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአንድ የመጠጥ ነጋዴ ነገር ላይ ሲፈርድ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ትርፍም ቢሆን ግብር ይከፈልበታል ብሎ ወሰነ። ቃሉ አጭር ሲሆን ከብዙ መትረየስ ይልቅ ሠራ። ፍራንክ ዊልሰን የተባለ የግምጃ ቤት መርማሪ፣ በ1926 ዓ.ም. ከአንድ የካፖን የቁማር ቤት ተይዘው በቁም ሣጥን ውስጥ ተረስተው የነበሩትን የሒሳብ መዝገቦች አገኘ፤ የእጁን ጽሕፈት አስተያይቶም መዝገቡን የጻፈውን ጸሐፊ ፈልጎ አስመሰከረው። ዳኛው ጄምስ ዊልከርሰን ለዚህ ነገር የተመረጡት የፍርድ ሽማግሌዎች በጉቦ እንዳይለወጡ በችሎቱ መጀመሪያ ቀን ከሌላ ችሎት ሽማግሌዎች ጋራ ለዋወጣቸው። በ1931 ዓ.ም. ኦክቶበር 24 ቀን ካፖን የ11 ዓመት እስራትና የ50,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። በቺካጎ የነገሠው ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው፤ በወኅኒ የተቀመጠው ግን ከዚያ ይበልጣል። ሰውን ሁሉ ዝም ያሰኘ ሰው፣ አንድ ተራ ጸሐፊ በብዕር የጻፈውን መስመር ዝም ሊያሰኝ አልቻለም።

ሞንታና ከዚህ የግብር ክስ እንዲያመልጥ ሶሳ በዋሽንግተን ወዳጆች አሉኝ አለው። ዋጋውም ይህ ነበረ፤ የሶሳን ሥራ የሚገልጥ አንድ ሰው በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት ሊናገር ነውና፣ ሳይናገር በፊት ይገደል፤ ሞንታናም ገዳዩን ይምራ። እንግዲህ የማንንም ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ አገሩን የተወው ሰው፣ በከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከሁሉ የባሰ ትእዛዝ ደረሰው። በታች ሳለ ልብ ያለው ሰው ይፈለጋል፤ ከላይ ግን የሚፈለገው ታዛዥ ነው። ሶሳ ንግዱን የሚያካሂደው ከጄኔራል፣ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ሹም፣ ከስኳር ኩባንያ አለቃ ጋራ በአንድ ማዕድ ተቀምጦ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚደፍር ሰውን በደጅ ዘበኝነት ይወደዋል፤ በማዕዱ ላይ ግን ይፈራዋል።

ቦምቡ በአውቶሞቢሉ ሥር ተጠመደ። በማለዳው ግን ሰውየው ብቻውን አልመጣም፤ ሚስቱና ልጆቹ አብረውት ገቡ። ሞንታና፣ ሴትና ሕፃናት አልገድልም፣ ይህ ከውላችን ውጭ ነው ብሎ ከገዳዩ ጋራ ተጣላ፤ ገዳዩ እጁን ወደ ማፈንጃው ሲሰድ፣ ሞንታና ሽጉጡን መዝዞ ገደለው። ልጆቹ ዳኑ። አባታቸውም በሰላም ሄዶ ንግግሩን አደረገ።

የታሪኩ ሁሉ ክብደት ያለው በዚህ አውቶሞቢል ውስጥ ነው። ሞንታና እስከዚያች ሰዓት ድረስ ብዙ ሰው ገድሏል፤ የወዳጁን ቤት ወርሷል፤ የእናቱን ልብ አሳዝኗል፤ ለዚህ ሁሉ የንግዱ ማኅበር ሽልማት እንጂ ቅጣት አልሰጠውም። የቀጣው፣ ከዚህ በላይ አልገድልም ባለባት በአንዲት ቀን ነው። ስለዚህ ስስት ጣለው የሚለው ፍርድ ከግማሽ መንገድ ይቀራል። ሞት የተፈረደበት በክፋቱ ሳይሆን ከክፋቱ ተርፎ በቀረው ጥቂት ርኅራኄ ነው። ይህ ግን እርሱን ጻድቅ አያደርገውም። ያች ርኅራኄ ዘግይታ የመጣች፣ ብቻዋንም የቆመች ናት፤ የምትጠጋበት ወዳጅ፣ የምትሸሸግበት ቤት አስቀድሞ አላበጀላትም ነበርና።

ይህም ወዲያው ታየ። ወደ ማያሚ በተመለሰባት ቀን እኅቱ ጠፋች ተባለ፤ ፈልጎም ከቀድሞ ጓደኛው ከማኒ ቤት አገኛት። ማኒ ከኵባ ጀምሮ አብሮት የተሰደደ፣ በጥይት መካከል ያልተለየው ሰው ነበር። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለው ሆኖ፣ ሞንታና አንድ ቃል ሳይጠይቅ ተኩሶ ገደለው። ሁለቱ ግን በዋዜማው ተጋብተው፣ ይህን የምሥራች ሊነግሩት ይጠብቁት ኖሯል። ለማያውቃቸው ሕፃናት የራራ እጅ በዚያው ጊዜ ለሚያውቀው ወዳጅ አልራራም። ለምን ቢባል፣ ለሕፃናቱ መራራት ከልጅነቱ የተረፈለት ነገር ነበረ፤ ወዳጅን ማመን ግን በየዕለቱ የሚለመድ ነውና፣ በዚያ ንግድ ውስጥ የኖረ ሰው ልምዱን ሁሉ አጥቶታል።

የቀረው ተኩስ ብቻ ነው፤ አዘጋጁም ከሚገባው በላይ አርዝሞታል። የሶሳ ሰዎች በሌሊት ቅጥሩን ዘለው ገቡ፤ እኅቱ ሞተች፤ እርሱም ብዙ ጥይት ከመታው በኋላ፣ ከጀርባው በመጣ ሰው ተመትቶ ከሰገነቱ ላይ ወደ ውኃው ገንዳ ወደቀ። ከገንዳው በላይ የቆመው የምድር ክብ ምስል፣ ዓለም የአንተ ናት የሚል ጽሕፈት ዙሪያውን አለበት። በ1932ቱም ሲኒማ ወንበዴው የሞተው ይህንኑ ከሚል የመንገደኞች ኩባንያ ማስታወቂያ በታች ነበረ።

ስለ ሶሳ ጥቂት መናገር ይቀራል። የሶሳ አርአያ ሮቤርቶ ሱዋሬዝ የተባለው የቦሊቪያ ባለ ብዙ መሬት ጌታ ነው ተብሎ በብዙዎች ይነገራል። የማሪኤል ጀልባዎች ገና ሲመላለሱ ሳሉ፣ በ1980 ዓ.ም. ጁላይ 17 ቀን፣ ጄኔራል ሉዊስ ጋርሲያ ሜሳ በዱቄት ነጋዴዎች ገንዘብ ተረድቶ የቦሊቪያን መንግሥት በጦር ኃይል ያዘ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ለቀቀ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ የነበረው ኮሎኔል ሉዊስ አርሴ ጎሜስ በ1989 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተወስዶ በዚሁ ንግድ ተፈረደበት፤ ሱዋሬዝም በ1988 ዓ.ም. በገዛ አገሩ ተያዘ። የእነዚህ የሁለቱ መያዝ የሆነው ሲኒማው ከወጣ በኋላ ነው። በሲኒማው ውስጥ ግን ሶሳ፣ ሕፃናቱ በመዳናቸው ተቈጥቶ ለሞንታና በስልክ ከተናገረው ቃል በኋላ፣ ሁለተኛ አይታይም።